መልስ፦ ለ14 ዓመት ልጄ የፕሮባዮቲክ ክኒን ልግዛለት?

እህቴ፣ ልጅሽ ክብደቱ ስለጨመረና ጉንፋን ስለሚመላለስበት ፕሮባዮቲክ የሚባለውን፣ ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያዎች የያዘውን ክኒን ልግዛለት ወይ ብለሻል። እኔ በገንዘቡ ምግብ ግዢበት እላለሁ። ክኒኑ የወጣቶችን ክብደት እንደሚቀንስ የሚያሳምን ማስረጃ የለም።

እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ያሉበትን እርጎ ግን ስጪው፤ ስኳር ያልገባበት፣ ከተፈላ ወተት የተሠራ። እንጀራ ቢቦካም ባክቴሪያዎቹ ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። ቢሆንም የጤፉ፣ የምስሩና የሽምብራው ፋይበር አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመግባል።

ከሁሉ በፊት ለስላሳ መጠጥ ቤት አታስገቢ። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው! ማታ ስልኩን ተቀበይው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት አለበት፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ጉንፋንን በደንብ አይከላከልም።

አደራ፣ ቤት ውስጥ «ወፍሬ» እያላችሁ አትጥሩት፤ በጣም ይጎዳል። ሲተኛ የሚያንኮራፋ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው።