የፎር ዊል መኪና ፍሬን፦ ፊቱ ስንት፣ ኋላው ስንት?

ስለ ፍሬን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። መኪናው ከፍ ተደረገ፣ ጎማው ተቀየረ፣ ከዚያ ፍሬኑ «እንደ ድሮው አልሆነም»። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የኋላው የፍሬን ሸራ ከፊቱ እጥፍ ይቆያል። ኋላው አይሠራም ማለት ነው?

አይደለም፣ ጤነኛ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚሄድ ራስህ ማስላት ትችላለህ። የመኪናውን ክብደት ውሰድና በፍሬኑ ጥንካሬ አባዛው፤ ጥንካሬው የሚለካው ከመሬት ስበት አንጻር ነው። ያንን በክብደት ማዕከሉ ከፍታ አባዛ፤ በመጨረሻ በፊትና በኋላ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) መካከል ላለው ርቀት አካፍል።

2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ቆሞ ሳለ ፊቱ 1,040፣ ኋላው 960 ኪሎ ተሸክሟል። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር፣ የአክስሎቹ ርቀት 2.75 ሜትር ነው። በደረቅ አስፋልት በ0.8 ጥንካሬ ብትይዝ 436 ኪሎ ገደማ ወደ ፊት ይዞራል። ፊቱ 1,476፣ ኋላው 524 ይሆናል። በመቶኛ 74 ለ26 ነው። ሸራው እኩል ቢያልቅ ነበር የሚያስደነግጠኝ።

አሁን ያንኑ መኪና ጭቃ ውስጥ አስገባው። ከ0.3 በላይ መያዝ አትችልም እንበል። የሚዞረው 164 ኪሎ ብቻ ነው፤ ክፍፍሉ 60 ለ40 ይሆናል። ስለዚህ «ትክክለኛው ሚዛን ስንት ነው?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ «የት?» ነው።

ጥያቄ፦ ፊት ቀድሞ ቢቆለፍ ይሻላል ወይስ ኋላ?

ፊት። ጎማ ተቆለፈ ማለት መኪናው ገና እየሄደ ጎማው መዞር አቁሞ ተንሸራተተ ማለት ነው። ፊቱ ሲቆለፍ መሪው አይሰማህም፣ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፔዳሉን ላላ ስታደርግ መሪው ይመለሳል። የኋላው ሲቆለፍ ግን ጎማው ወደ ጎን የሚይዝበትን አቅም ያጣል፤ ጭራው ይዞርና ፊትህን ወደመጣህበት ታገኘዋለህ። በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት አጭር፣ ቁመቱ ደግሞ ረጅም በሆነ መኪና ይህ ፈጣን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረግኩ። አሁን ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል፤ ኋላው የሌለ ያህል ነው። ከፍታው ነው ያበላሸው?

አብሮህ ይስጥልኝ። ከፍታው ራሱ ብዙ አያመጣም። ከላይ ባለው ስሌት 75ቱን 85 አድርገው፤ 58 ኪሎ ያህል ነው ተጨማሪ የሚዞረው። ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ነው።

ከመኪናው ሥር ግባና ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ፈልግ። ጫፉ ላይ ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ጭነት ይለካል፤ ዕቃ ስትጭን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። መኪናህን ከፍ ስታደርግ ሻንሲው ከአክስሉ ራቀ። ቫልቩ ምስኪን፣ «ይሄ መኪና ከባዶም በላይ ባዶ ነው» ብሎ አሰበና ኋላውን ዘጋብህ።

መፍትሔው የዘንጉን ማዕዘን ወደ ድሮው መመለስ ነው። አክስሉ ላይ የተያዘበትን ማሰሪያ መኪናው ከፍ ባለበት ልክ ታስነሣዋለህ። ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ አስሮ መተው የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ አታድርገው። ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ያለ ይመስለዋል፤ ባዶ መኪና በእርጥብ መንገድ ስትነዳ ኋላው ይቆለፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከፍታው ሳይቀየር ጠንካራ ባሌስትራ (አክስሉ ላይ ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ያስገቡ ሰዎችም ይህ ያገኛቸዋል። አዲሱ ባሌስትራ ጭነት ሲመጣ እንደ ድሮው አይጎብጥም። ቫልቩ ጭነቱን አያይም።

ጥያቄ፦ የኋላውን ታምቡር (ሸራው ከውስጥ የሚይዘውን ከበሮ) አውጥቼ ዲስክ (ሸራው ከሁለት ጎን የሚጨምቀውን ሳህን) አስገባሁ። ይሻላል ተብዬ ነበር፤ ግን ደከመ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ዲስክ ከታምቡር ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አታሏል። ታምቡር ውስጥ ያለው አንዱ ሸራ በታምቡሩ መዞር ራሱ እየተጎተተ ይጠብቃል። በትንሽ ግፊት ብዙ ይይዛል። ዲስክ ያንን እገዛ አያገኝም፤ ጥቅሙ ሙቀት መቋቋሙና ውሃ ቶሎ መጣሉ ነው።

ሸራውን የሚገፉትን የፒስቶኖች ስፋት ለኪና አስቢው። እዚህ ላይ እኔም ተሸውጃለሁ። ግራና ቀኝ ፒስቶን ያለው ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው መያዣ) ሲሆን የሚቆጠረው የአንድ ጎን ብቻ ነው። እኔ አራቱንም ቆጥሬ፣ ፊቱ በእጥፍ ጠንካራ መስሎኝ፣ ኋላውን ከልክ በላይ አጠነከርኩት። የመጀመሪያው ዝናብ አስተማረኝ።

ምሳሌ ይኸው። ፊቱ በአንድ ጎን ሁለት ባለ 43 ሚሊ ሜትር ፒስቶን አለው፤ ስፋታቸው 29 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሸራው ዲስኩን የሚይዘው ከመሐሉ 13 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው። ኋላው አንድ ባለ 43 ፒስቶን አለው፤ 14.5 ካሬ፣ ርቀቱ 12.5። ስፋቱን በርቀቱ አባዢ፤ 377 ለ181 ይመጣል። ሸራውና ግፊቱ እኩል ከሆነ 68 ለ32 ነው። መኪናው በደረቅ መንገድ የሚፈልገው 74 ለ26 ከሆነ ኋላው ትርፍ አለው፤ ቫልቭ ይቀንሰዋል። ያንቺ ደከመ ካልሽ ግን ፒስቶኑ ትንሽ ነው፣ ወይም የድሮው ቫልቭ ገና እየቀነሰ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከፍሬን ዘይቱ መስመር አየር በደንብ መውጣቱን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ጎማ ሚዛኑን ያበላሻል?

አራቱም እኩል ከሆኑ አያበላሽም። ግን ሁሉንም ያደክማል። የጎማው ቁመት በ10 ከመቶ ካደገ፣ ለተመሳሳይ ፍሬን በዚያው ልክ ጠንከር አድርገህ መርገጥ አለብህ።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ የት ይገባል?

የኋላው መስመር ላይ ብቻ። ፊቱ ላይ በፍጹም። ጭነት የሚለካው ቫልቭ ካለ ከሁለት አንዱን ምረጥ፤ ሁለቱ ተከታትለው ከገቡ ማንኛቸው ምን እንደሠራ አታውቅም። መኪናህ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካለውና የኋላውን ግፊት በኮምፒውተር የሚያከፋፍል ከሆነ ደግሞ ተወው፤ ሥራውን እያወክህ ነው።

ጥያቄ፦ ያለ መሣሪያ እንዴት ልፈትን?

ኤቢኤስ ለሌለው መኪና ነው የምናገረው። መጀመሪያ ከፎር ዊል አውጣው። ይህን የሚረሳ ሰው ብዛቱ! ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ አክስል በዘንግ ይተሳሰራሉ፤ አንዱ ብቻውን መቆለፍ አይችልም፤ ጥፋቱ ይደበቃል። ሁልጊዜ ፎር ዊል የሆነ መኪና ከሆነ የመሐሉ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ አክስል በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ማርሽ) መቆለፊያ ይፈታ።

ባዶና ሜዳ ቦታ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። አንድ ሰው ከሩቅ ከጎን ሆኖ ጎማዎቹን ይመልከት። በእጅ የሚስተካከለውን የኋላ ቫልቭ ዝቅተኛው ላይ አድርገህ ጀምር። ፊቱ ሲቆለፍ ኋላው እየዞረ መሆን አለበት። በትንሽ በትንሹ ጨምር። ኋላው እኩል መቆለፍ ሲጀምር ቀነስ አድርገህ ተው። ይህን በባዶ መኪና አድርግ፤ ባዶው ነው አደገኛው።

ጥያቄ፦ ዳገት አቅቶኝ ወደ ኋላ ስመለስ ፍሬን ይዤም ተንሸራተተ፤ መሪውም አልታዘዘኝም። ሚዛኑ ነው?

ሚዛኑ ነው፤ ግን የተበላሸ አይደለም። ሽቅብ ስትቆም ክብደቱ ኋላ ላይ ነው። ፍሬንህ ግን ለፊት ነው የተሠራው። ፊቱ ቀላል ሆኖ ብዙ ፍሬን ሲደርሰው ወዲያው ይቆለፋል፤ መሪውም አብሮ ይሞታል። ማንም ቫልቭ ይህን አያስተካክልም። ሞተሩ ቢጠፋ እንኳን ፎር ዊል ሎው (በዝግታ በጉልበት የሚያስኬደው የፎር ዊል ማርሽ) ላይ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፣ ማርሹ እንደያዘው ሞተሩን አስነሣ። ሞተሩ አራቱንም ጎማ እኩል ይዞ ያወርድሃል። እግርህን ከፍሬኑ አርቅ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ።