መልስ፦ የፖስተኞች ማኅበር ወርኃዊ ዜናና የበጎ ፈቃድ ሥራ

ወንድሜ፣ አሜሪካ ውስጥ ፖስተኛ ሆነህ ማኅበር መግባትህ ደስ ይላል። ወርኃዊ ዜናና የበጎ ፈቃድ ሥራ ከየት ይገኛል ላልከው፣ የፖስተኞቹ የሠራተኛ ማኅበር የሆነው የደብዳቤ አዳዮች ብሔራዊ ማኅበር (NALC) ለአባላቱ በየወሩ መጽሔት ቤትህ ድረስ ይልካል። እኔ ግን ከማኅበሩ የአካባቢህ ቅርንጫፍ ስብሰባ አትቅር እልሃለሁ። የሰፈርህን ጉዳይ የምትሰማው እዚያ ነው። ቀኑን መሥሪያ ቤትህ ያለውን የማኅበሩን ተወካይ ጠይቅ።

ለበጎ ፈቃድ የሜይ ሁለተኛ ቅዳሜን ያዝ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ምግብ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ሰዉ የጣሳ ምግብና ፓስታውን በከረጢት አድርጎ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ያስቀምጣል። ፖስተኞች በዚያው መንገዳቸው ሰብስበው ለአካባቢው ምግብ ባንክ፣ ማለትም ለተቸገሩ ምግብ ለሚያድለው ድርጅት፣ ያደርሳሉ። ሸክሙ በጣም ይበዛል! ማታ ላይ የሚያራግፍና የሚለይ ሰው ያስፈልጋል፤ አባል ያልሆነም ይችላል። ቤተሰብህንም ይዘህ ሂድ።