ልጄን ሐይቅ ዳር እንዴት ላለማምደው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኦቲዝም ያለበት የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ንግግሩ ከጥቂት ቃላት አያልፍም፤ ውኃ ሲያይ ግን ደስታው ሌላ ነው፤ በጆግ ወደ ሳፋ እየገለበጠ፣ አወራረዱን እያየ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ባለፈው እሑድ ከአባቱና ከ11 ዓመት እህቱ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወሰድነው። ባጃጁ ውስጥ እያለን ጀምሮ ጆሮውን ይዞ ነበር፤ ዓሣ ከሚበለትበት ቦታ ስንደርስ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮህ ጀመር። የከበቡን ሰዎች «ያልተቀጣ ልጅ» ሲሉ ሰማሁ። አማቴ «ልጁን አታንገላቱት፣ ቤት ይቀመጥ፤ ይልቅ ጠበል ውሰዱት» ይላሉ። እህቱ ደግሞ «እንደገና እንሂድ» ትለኛለች። የማንን ልስማ?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እናት፣ የልጅቷን ይስሙ፤ አካሄዱ ግን ይቀየር።

ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ሽታን፣ ብርሃንንና ንክኪን ከሌላው ሰው እጅግ አይሎ ይሰማቸዋል። የባጃጁ ሞተርና ክላክስ፣ የዓሣው ሽታ፣ ለትርፍራፊ እግር ሥር የሚሻማው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ፣ የሰዉ ግፊያ በአንድ ጊዜ ሲመጡበት መሬት ላይ መውደቁ ጥጋብ ሳይሆን «አልቻልኩም» ማለቱ ነው፤ በቃል ሊናገረው የማይችል ልጅ በሰውነቱ ይናገረዋል። ስለዚህ በቅጣት የሚታረም ነገር የለውም። እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም፤ ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ እንጂ በአስተዳደግ፣ በእርግማን ወይም በክትባት የሚመጣ አይደለም።

ጉዞውን ከፋፍለው ያለማምዱት። መጀመሪያ የምታውቁት ባለባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ ደጃችሁ ይቁምና ልጁ ገብቶ ተቀምጦ ይውረድ፤ በሌላ ቀን እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሂዱ። ከዚያ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው መናፈሻ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ ይውሰዱት፤ ያን ጆግም ይያዙለት፣ በእንግዳ ቦታ የሚያውቀውን ዕቃ መያዝ ያረጋጋዋልና። ለመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ደስ እያለው ሳለ ይመለስ። አሞራ ገደል ከሁሉም በኋላ ይምጣ፤ ጨርሶ ባይመጣም ግድ የለም።

እህቱ የምትሠራው ትልቅ ሥራ አላት። የቤታችሁን በር፣ ባጃጁን፣ የሐይቁን ዳር፣ በመጨረሻም እንደገና የቤታችሁን በር በስልክ ፎቶ ታንሳ፤ በዋዜማው ማታ በቅደም ተከተል እያሳየችው እሱም በጣቱ ይንካቸው። የመጨረሻዋን ፎቶ እንዳትረሳ፤ ወደ ቤት እንደሚመለስ ማወቁ ለልጁ ትልቅ እረፍት ነው። በሥዕል መግባባት ንግግሩን ያስቀረዋል ብለው አይስጉ፤ አያስቀረውም።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስብዎ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይታሰብ ከአጠገብ የመሰወርና ወደ ውኃ የመሳብ ዝንባሌ ስለሚታይባቸው፣ የመስጠም አደጋ ለእነሱ ከሌሎች ልጆች የበለጠ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ጉማሬም አለበት። ስለዚህ ሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ሰው እጁን ይያዘው፤ የዚያ ሰው ሥራም ይኸው ብቻ ይሁን፤ ለእህቱ አይተውላት። ስልክ ቁጥራችሁንም ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ አኑሩ።

አማትዎ የሚናገሩት ከፍቅር ነው፤ ቤት መዋሉ ግን ልጁን አይጠቅመውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከሰው ዓይን በሚደብቅበት ዘመን ነበር። ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነታችሁ ከሆነ ይሂድ፤ ነገር ግን የሐኪም ክትትሉና ትምህርቱ አይቋረጡ፤ ድንገት ራሱ ላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃም እንደ ባጃጁ ልምምድ ስለሚያስፈልገው፣ በቤት ውስጥ ከእጁና ከእግሩ ጀምረው ያለማምዱት። ይህን ማለማመድ ለአማትዎ ይስጧቸው፤ ልጁ ምን እንደሚችል በዓይናቸው ያያሉ።

እንደገና ቢጮህና ሰው ቢከብባችሁ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ ጋር አይከራከሩ። ወደ ጸጥታ ቦታ ይዘውት ዞር ይበሉ፤ ለቀረበዎት ሰውም «ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ እባክዎ ትንሽ ቦታ ይስጡን» ይበሉት።