«ዋናውን በላነው»፦ ኮሮናና የድሬ ጓዳ፣ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ ከቁጠባና ብድር ቡድኖች ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ኮሮና የድሃውን ቤት እንዴት እንደነካ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ አቦ፣ አገሩ እኮ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ታዲያ ቸርቻሪው ለምን ወደቀ?

መልስ፦ ከፊራ ገበያ ቲማቲም የምትቸረችር እናት እንውሰድ። ጠዋት በ500 ብር ታወጣለች እንበል፣ ማታ 600 ይዛ ትገባለች። መቶዋ እራት ናት፣ 500ው የነገ ሥራ። ገዢ ሲቀንስ ቲማቲም አይጠብቅም፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ግን መብላት አለባቸው። ስለዚህ ከ500ው ይነሳል። ዛሬ 50፣ ነገ 80። ብዙዎቹ «ዋናውን በላነው» ይሉኛል። ገዢው ሲመለስ እሷ መነሻ የላትም። ሰው የሚረሳው ይህችን ነው።

ጥያቄ፦ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ በሽታ አይብስም ነበር?

መልስ፦ ነሐሴ 2011 ድሬ ላይ ስንቱ ቤተሰብ እንዳለ መገጣጠሚያውን ተይዞ ተኛ! የቀን ሠራተኛ ከተኛ ደግሞ ገቢ የለም። ኮሮና አገር ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በመካከላቸው ሰባት ወር ገደማ ብቻ ነው። በማውቃቸው ቤቶች ቁጠባው ቀድሞ አልቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳ ነበር። ታሪፍ ጨምራችሁ ከበራችሁ ይሉናል።

መልስ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ትራንስፖርት በግማሽ ጫን ተባለ። ለባለቤቱ የምታስገባው የቀን ገቢ ግን በግማሽ አልተባለም።

ጥያቄ፦ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ ተከልክሎ አልነበር?

መልስ፦ ያኔ ተከልክሎ ነበር፣ ኪራይ መጨመርም ጭምር። ኪራዩ ግን አልተሰረዘም፣ ተጠራቀመ እንጂ። የቃል ውል ይዞ ከአከራዩ ጋር አንድ ግቢ የሚኖር ሰው ደግሞ ደንብ ጠቅሶ አይከራከርም።

ጥያቄ፦ ዕቁባችን ፈረሰ። ማን ተጎዳ?

መልስ፦ ዕጣ ያልደረሰው። ሌላ ጊዜ ከመፍረሱ በፊት ተሰብስባችሁ ለተወሰነ ወር አቁሙት፤ የበላውም ያልበላውም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ እናቴ እስካሁን ወደ ጉሊቷ አልተመለሰችም። 3000 ብር አለኝ፣ ዘይትና ዱቄት ልግዛላት?

መልስ፦ መጀመሪያ ሱቅ ዱቤ እንዳለባት በቀስታ ጠይቃት። ካለባት ብሩን ብትሰጣትም የሚደርሰው ለባለሱቁ ነው። ዱቤውን ዝጋላት። የቀረውን ሸቀጥ አድርገህ ስጣት፣ ምን እንደሚሸጥ ግን እሷ ትምረጥ።