አንዱ ጆሮ እየደከመ ሲሄድ፦ አምፕሊፋየሩን ከመክፈትዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ያገለገለ ስታክስ ላምዳ ፕሮ ሄድፎን (በከፍተኛ ቮልት የሚሠራ ኤሌክትሮስታቲክ የሚባል ዓይነት) ከኤስአርኤም-1/ኤምኬ2 አምፕሊፋየር ጋር ከጃፓን አስመጣሁ። ሲበራ ሁለቱም ጆሮ እኩል ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ግን ግራው እየደከመ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይንጫጫል። ባያሱን (ሄድፎኑን ቻርጅ የሚያደርገውን ቋሚ ቮልት) በቴስተር ብለካው 580 ቮልት መሆን ሲገባው 390 አካባቢ አነበበ። የአምፕሊፋየሩን ክዳን ፈትቼ ልክፈተው?

መልስ፦ ገና አይክፈቱት። ያነበቡት 390 ቮልት ብልሽት አይደለም። በባያሱ ምንጭና ሄድፎኑ በሚሰካበት ሶኬት መካከል 5 ሜጋኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር አለ፤ ወደ ጆሮ የሚሄደውን ከረንት እጅግ አነስተኛ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። የተለመደ ዲጂታል ቴስተር ደግሞ ራሱ 10 ሜጋኦም ስለሆነ ቮልቱን ከሬዚስተሩ ጋር ይካፈለዋል። 580ን በ10 አባዝተው ለ15 ሲያካፍሉ 387 ያገኛሉ። ስለዚህ ባያስዎ ጤነኛ ነው።

ከቁጥሩ ይበልጥ ግን የሶኬቱን አሠራር ልብ ይበሉ። ከ5ቱ ቀዳዳዎች ባያስ የሚያልፍበት አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ለሁለቱም ጆሮ። ባያሱ ቢደክም ኖሮ ሁለቱም ጆሮዎች አብረው ይደክሙ ነበር። አንዱ ብቻ ሲደክም የሚጠረጠሩት የድምፅ ምንጩ፣ የአምፕሊፋየሩ አንድ ቻናል ወይም ራሱ ሄድፎኑ ናቸው።

መጀመሪያ የድምፅ ማስተካከያውን ይዩ። በብዙ የስታክስ አምፕሊፋየሮች ማዞሪያው ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፤ በአያያዝ ሊዛነፍ ይችላል። ቀጥሎ ከኋላ የሚገቡትን የግራና የቀኝ የአርሲኤ ገመዶች ያለዋውጡ። ድካሙ ወደ ቀኝ ከዞረ ችግሩ ከምንጩ ወይም ከገመዱ ነው። ግራ ላይ ከቀረ ሄድፎኑን ነቅለው ሶኬቱን ይለኩ። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገው ከሻሲው (ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል) አንጻር 390 የሚያሳየው ቀዳዳ ባያስ ነው፤ ድምፅ የሚያልፍባቸው ሌሎቹ አራቱ (ለእያንዳንዱ ጆሮ ፕላስና ማይነስ) ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። ከዚያ ከስልክዎ ባለ 200 ኸርዝ ሞኖ ድምፅ ያጫውቱ፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ ያድርጉ፣ በግራው ፕላስና ማይነስ መካከል 50 ቮልት እስኪያነብ ድምፁን ይጨምሩ፤ ቀኙም ያንኑ ማንበብ አለበት። ልኬቱን ከ20 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት፣ ምክንያቱም ችግርዎ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። አንድ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ በአራቱ የድምፅ ቀዳዳዎች ላይ ያለው ቮልት እንደ ባያሱ በትልቅ ሬዚስተር የታፈነ አይደለም።

ልኬቱ እኩል ከሆነ፣ እንደሚሆንም እገምታለሁ፣ ችግሩ ያለው ሄድፎኑ ላይ ነው። መንጫጫቱም ወደዚያው ያመለክታል። በሁለቱ ስታተሮች (የድምፁን ቮልት በሚቀበሉ ሳህኖች) መካከል የተወጠረው ፕላስቲክ ከ2 ማይክሮን በታች የቀጠነ ሲሆን፣ ቻርጁን የሚይዘው ላዩ ላይ በተቀባ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ባለው ሽፋን ነው። እርጥበት ወይም አንዲት የጸጉር ቁራጭ በጠርዙ በኩል መንገድ ከከፈተች ቻርጁ ይፈስሳል፣ የዚያ ጆሮ ድምፅም ይወርዳል። የዱባይ በጋ አየርና የጆሮ ላብ ተደምረው ይህን በቀላሉ ያደርጉታል፤ ድካሙ ዘግይቶ የሚመጣውም በጆሮ ስፖንጁ የተከበበው አየር በጆሮዎ ሙቀት ቀስ በቀስ ስለሚታፈን ነው።

ሄድፎኑን 100 ግራም ገደማ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ኬሚካል) ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ሳጥን ውስጥ ለ48 ሰዓት ይዝጉት። ከዚያ ሰክተው፣ ድምፁን ዜሮ አድርገው፣ ለጥቂት ሰዓታት በርቶ ይቆይ፤ ያረጀ ሽፋን ቻርጅ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። የጸጉር ማድረቂያም ሆነ የታመቀ አየር በፍጹም አይጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ፕላስቲኩን በሙቀት ሊያበላሽ፣ ሁለተኛው ሊቀደው ይችላል። ስፖንጁን ሲያነሱ ከስታተሩ ፊት የተወጠረ ሌላ ስስ የአቧራ መከላከያ ያያሉ። በብርሃን ፊት ይዘው ይመርምሩት። ቀዳዳ ካለው አቧራ ከመግባት አይመለስም፣ መከላከያው መቀየር አለበት። ሄድፎኑን ጆሮዎ ላይ ሲጫኑ የሚሰማው አጭር ጩኸት ግን ፕላስቲኩ በአየር ግፊት ሲለጠጥ የሚፈጠር ነው፤ አያስጨንቅዎት።

ከደረቀ በኋላም ግራው ደካማ ከሆነ ሽፋኑ አልቋል። ያኔ ሁለቱን ድራይቨሮች (በየጆሮው ድምፅ የሚያወጡትን ክፍሎች) በጥንድ ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር የድምፁን ቃና ያዛንፋል።

ልኬቱ እኩል ካልሆነ ነው አምፕሊፋየሩ የሚከፈተው። ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። ከኤሌክትሪክ ነቅለው እያንዳንዱን ትልቅ ካፓሲተር በ47 ኪሎ ኦም፣ 3 ዋት ሬዚስተር ለግማሽ ደቂቃ ያፍስሱ፣ ዜሮ መሆኑን በቴስተር ያረጋግጡ። ለየቻናሉ ባላንስና ኦፍሴት የሚባሉ ሁለት ትሪመሮች (ትናንሽ የማስተካከያ ብሎኖች) አሉ፤ መልሰው ሰክተው ግማሽ ሰዓት ካሞቁ በኋላ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በፕላስና ማይነስ መካከል እንዲሁም ከሻሲው አንጻር ዲሲው ወደ ዜሮ እስኪጠጋ በየተራ ያስተካክሏቸው። አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይኖርብዎታል። ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የማይተዋወቁ ከሆነ ግን ይህን ሥራ ለባለሙያ ይተዉት።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 100 ቮልት የሚል ከሆነ በዱባይ 230 ቮልት ላይ የሚሠራው በትክክል 100 በሚያወጣ ትራንስፎርመር ብቻ ነው። ለአሜሪካ ዕቃ የሚሸጠው ባለ 120 ቮልት 20 በመቶ ይበልጣል፣ ውስጥ ያለውንም ቮልት ሁሉ ሊያንር ይችላል። 50 ኸርዝ መሆኑ አያሳስብም፤ የጃፓን ምሥራቁ ክፍልም በ50 ነው የሚሠራው።