ሪፈረንሱን ከመጀመርሽ በፊት የስሙን ጉዳይ አስፈርሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በጣና አስጋሪዎች ላይ ማስተርስሽን እየጻፍሽ ነው፤ አማካሪሽ «ኢትዮጵያዊን በራሱ ስም ጥቀሺ» ይሉሻል፣ የሪፈረንስ ሶፍትዌሩ ደግሞ በአባት ስም ያወጣብሻል። የአማርኛ ሰነዶቹ ዓመት ተምታቶብሻል። በመጨረሻም «ፎቶኮፒ ቤት ሰጥቼ ላሠራው ወይ?» ብለሻል። ከሥር «ኤፒኤ ተጠቀሚ» ብለው ያለፉት ሰዎች ምንም አልመለሱልሽም፤ ኤፒኤ፣ የአሜሪካኖቹ የአጠቃቀስ ደንብ፣ መሆኑንማ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በክረምት ፕሮግራም፣ እያስተማርኩ፣ በዓሣ ንግድ ላይ ጽፌ የጨረስኩ ነኝ። ርዕሳችንም ችግራችንም አንድ ነው፣ ፎርማት የሚያረጋግጠው ቢሮም ያው እንደሚሆን አልጠራጠርም። ስለዚህ ከሀሁ አልጀምርልሽም፤ የሚጎዳሽን ብቻ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. አንድ መስመር ሪፈረንስ ሳትጽፊ የስሙን ጉዳይ በወረቀት አስወስኚ። በቃል አይደለም፣ በፊርማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርማቱን ያወጡት ሰዎች አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ጋ የመጨረሻው ስም አባት ነው። አበበ ከበደ የጻፈውን «ከበደ፣ አ.» ብለሽ ስታሰፍሪ ጥናቱን ለአባቱ ሰጠሻቸው ማለት ነው። የታሪክ ምሁሩን ባህሩ ዘውዴን እዚህ አገር ማንም አንባቢ «ባህሩ» ብሎ ነው የሚያውቃቸው፤ «ዘውዴ እንደጻፈው» ብትይ ዞር ብሎ «የቱ ዘውዴ?» ይልሻል። ጀርመን አገር በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ የእኛን ስም አይገለብጥም። ፈረንጆቹ የገባቸው ነገር ለኛው ቢሮ አልገባውም፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

የኔን ልንገርሽ። የፎርማት ማረጋገጫ የሚሰጠው መስኮት ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ጠረጴዛው ላይ ካለው መስታወት ሥር አንዲት ገጽ አለችው። ላይዋ ላይ የአሜሪካኖቹ ናሙና፣ «ስሚዝ፣ ጄ.» የሚል። እሷም ብትሆን የኤፒኤ ስድስተኛ እትም ናት፤ ሰባተኛው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ የአሳታሚውን ከተማ መጻፍ ከቀረ ስንት ጊዜው፣ እሱ ግን «ከተማው የታለ?» ይላል። ሪፈረንሴን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አሰመረበትና «ላስት ኔም ይቅደም» አለኝ። «የኛ ስም እኮ ላስት ኔም የለውም» አልኩት። «ሲስተሙ አይቀበልም» አለ። የትኛው ሲስተም? አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር በጨርቅ ተሸፍኖ ነው ያለው!

ሰልፉ ከኋላዬ ይሰማል። እኔም ዝም ማለት አልሆንልኝ አለና «ጌታዬ፣ የእርስዎን የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይስ አባትዎ?» አልኩት። ሰልፉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋይሌ ከክምሩ ሥር ገባ። ስሄድ «ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች»፣ ስመለስ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ ስደውል አይነሳም። አንቺ እንደኔ አትናገሪ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ያን ሳቅ ዛሬም አልለውጠውም።

አማካሪዬ ደከማቸውና «በቃ ገልብጪላቸው፣ ዲፌንሱ ይለፍ» አሉኝ። ገለበጥኩት። ዲፌንስ ቀን ከውጭ የመጡት ኤግዛሚነር ሁለተኛውን ምዕራፍ ገልጠው «ይኼ ስለ ደረቅ ዓሣ ገበያ የጻፈው ሰው ማነው? አላውቀውም» አሉ። ገጹን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ይህቺን ሥራ የጻፈችው ሴት ናት። ያማከርኳት እኔ ነኝ። አባቷ ገበሬ ናቸው» አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ «እሱ እንደሚለው» እያልኩ ነው የሄድኩት፣ ሶፍትዌሩ የሰጠኝን የአባት ስም አይቼ! ውጤቱ ምን ሆነ? «የኢትዮጵያውያን ስም ሁሉ ወደነበረበት ይመለስ» የሚል የማስተካከያ ትእዛዝ። ማለትም ቢሮው ያስገለበጠኝን ኤግዛሚነሩ አስመለሱኝ፤ የተመለሰውን ደግሞ ያው መስኮት ማኅተም ሊያደርግበት ነው። ባልበላሁት ዕዳ።

መፍትሔው የት እንደነበር ስነግርሽ ትስቂያለሽ። የዲፓርትመንታችን ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጣት፣ ከመሳቢያዋ የጽሑፍ አዘገጃጀት መመሪያውን አወጣችልኝ። አባሪው ውስጥ፣ ማንም በማይገልጠው ገጽ፣ «የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥ የራስና የአባት ስም ሙሉ ይጻፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። መመሪያውን ያወጣው ራሱ ቢሮው ነው! ኮፒ አድርጌ፣ በቢጫ አስምሬ፣ ስሚዝ ያለበት መስታወት ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እና ቀድመሽ አታመጪም ነበር?»

እስከዚያ ድረስ ምርቃት የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ተሰብስቦ ተበትኗል። ከኔ ጋር የገቡት መምህራን የትምህርት ማስረጃቸውን አስገብተው የደረጃ ዕድገት ሲያገኙ እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፍኩ። ስለዚህ አንቺ ዛሬውኑ ዲፓርትመንት ሂጂና የቅርቡን መመሪያ ጠይቂ፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ እንዳታምኚ፣ የስንት ዓመት አሮጌ ነው። ስለ ኢትዮጵያውያን ስም የሚለውን ፈልጊ። ካለ ኮፒውን ያዢ። ከሌለ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፈሽ አማካሪሽን አስፈርሚ። «ይገልበጥ» የሚል ከሆነ ደግሞ ግብግብ አትግጠሚ፣ ሁሉንም ገልብጪ፤ ግን ጽሑፉ ውስጥ «እሱ»፣ «እሷ» ከማለትሽ በፊት የራስ ስሙን እይ። የሚጥልሽ ግማሹን ገልብጦ ግማሹን መተው ነው፤ ያኔ አንዱ ደራሲ ሁለት ሰው ሆኖ «አ» ሥርም «ከ» ሥርም ይወጣል። ሳይገለበጥ የሚጻፍ ከሆነም ዝርዝሩ አንድ ነው፦ ፈረንጁ በቤተሰብ ስሙ፣ የኛው በራሱ ስም፣ በአንድ የፊደል ተራ።

2. ዓመቱ። እዚህ ላይ የዓሣ ርዕስ ስላለሽ አንዱን ወጥመድ አሁኑኑ ላሳይሽ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅን ያለሱ መጻፍ አትችይም። በአማርኛው ቁጥር 315/1995 ነው፤ በእንግሊዝኛው 315/2003። አንድ አዋጅ ነው! ግማሹን ሐሳብ ከአማርኛው፣ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ጥናቶች ስትወስጂ ሁለት አዋጅ አድርገሽ ታሰፍሪዋለሽ። የምትጽፊው በእንግሊዝኛ ከሆነ 2003 በቃ።

ለመጻሕፍት፣ ወደ ፈረንጅ ዓመት ስትለውጪ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የታተመ ከሆነ 7 ትደምሪያለሽ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። ሽፋኑ ላይ ወር ከሌለ፣ ብዙ ጊዜም የለም፣ ሁለቱንም በስላሽ አድርጊ፤ 2009 ዓ.ም. የሚለው 2016/17 ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ ያለው ዓመት ግን ብዙውን ጊዜ የበጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ የሚጀምር። የ2014 በጀት ዓመት ሪፖርት 2021/22 ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት እንደምትጠቅሺ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ። የአማርኛውን ሰነድ ርዕስ እንዳለ በላቲን ፊደል ጽፈሽ ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ከጎኑ አስቀምጪ። ተርጉመሽ ብቻ ካስቀመጥሽው ሰነዱን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም።

3. ሶፍትዌሩ። ሜንዴሌይም ይሁን ዞቴሮ የለመድሽውን ያዢ፤ እኔ ዞቴሮን ነው የማውቀው፣ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። አስቸገረኝ ያልሽው ነገር የአንዲት ቁልፍ ጉዳይ ነው። የደራሲው ስም ያለበት መስመር ቀኝ ጫፍ ላይ ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትነኪ ስምና የአባት ስም አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ዞቴሮ የሚገለብጠው ነገር የለውም፣ «አበበ ከበደ» ብለሽ ያስገባሽው እንዳለ ይወጣል። ሲገባ አንዳንዴ «ከበደ አበበ» ሆኖ ይዋሃዳልና ተራውን አስተካክይ። ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ደራሲ ይህን አድርጊ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተሽ የምትጨርሽው ሥራ ነው።

ጉግል ስኮላር ላይ ያለችውን የጥቅስ ምልክት ተጭነሽ የምትገለብጪው ሪፈረንስ ግን ጥሬ ዕቃ ነው፣ የተሠራ ሥራ አይደለም። ስሙን ይገለብጣል፣ አንዳንዴ ርዕሱን በሙሉ በትልልቅ ፊደል ያመጣል፣ ገጽ ያስቀራል። የስም አጻጻፉንም ራሱ ጽሑፉ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ ሙሉነህ መጨረሻው ላይ ኤች አለው ወይስ የለውም የሚለውን የሚወስነው ደራሲው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ከቻትጂፒቲ ሪፈረንስ የምትቀበይ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ዲኦአይ (የጽሑፉን መለያ ሊንክ) ከፍተሽ እይው። የሌለ ጽሑፍ፣ የሌለ ገጽ፣ ግን ያማረ አጻጻፍ ሊሰጥሽ ይችላል፤ ኤግዛሚነሮችም ይፈትሹታል።

አራተኛው ፎቶኮፒ ቤቱ ነበር። አትስጪ! የኔን ዎርድ የተቀበለው ልጅ ሰው አክባሪ ነው፣ ቀልጣፋ ነው፣ ግን ሳይቴሽኖቹን በእጁ እየሰረዘ ላያቸው ላይ ጻፈባቸው። ቤት መጥቼ ስከፍተው ዞቴሮ «ይህ ጥቅስ ተቀይሯል፣ ልመልሰው?» እያለ በየገጹ ይጠይቀኛል። ልመልሰው ስል የሱ እርማት ይጠፋል፣ ተወው ስል ከታች ካለው ዝርዝር ጋር አይገናኝም። ፍላሼ ላይ የገባውን ቫይረስ ሳልቆጥር ነው። የመስመሩ ወደ ውስጥ መግባት ብቻ ከሆነ ያስቸገረሽ ዝርዝሩን ሙሉ ምረጪና ኮንትሮልና ቲ ተጫኚ፤ የመጀመሪያው መስመር ከዳር ይቀራል፣ የቀረው ግማሽ ኢንች ይገባል። ለዚህ ነው ሰው ገንዘብ የሚከፍለው።

ያልጠየቅሽኝ፣ ግን የምትሳሳቺበት የሚመስለኝ ነገር አለ፦ ቃለ መጠይቅ ያደረግሽላቸውን አስጋሪዎች ሪፈረንስ ዝርዝር ውስጥ አታስገቢ። የደብረ ማርያሙ ታንኳ ቀዛፊ የነገሩሽ ነገር የጥናትሽ ዳታ ነው። ጽሑፉ ውስጥ «ተሳታፊ 4፣ አስጋሪ» ብለሽ ታልፊያለሽ፤ ስማቸውንም ትጠብቂላቸዋለሽ። አንድ የክፍላችን ልጅ የመረጃ ሰጪዎቹን ስም ከነስልካቸው ሪፈረንስ ላይ ደርድሮ አየሁት፤ እግዜር ያውጣው።

ሌላው፣ ከሰው ቴሲስ ላይ ያገኘሽውን ጥቅስ ዋናውን እንዳነበብሽ አስመስለሽ አትጻፊ። ስለ ጣና ዓሣ ሁላችንም የምንጠቅሳቸው እነዚያው ጥቂት የቆዩ ጥናቶች ናቸው፤ አንዱ የገጽ ቁጥር ሲሳሳት ሁሉም አብሮ ይሳሳታል፣ እኔም የተሳሳተች አንድ ቁጥር ከቴሲስ ቴሲስ ስትዋረስ አይቻለሁ። ዋናውን ካላገኘሽው ጽሑፉ ውስጥ «እገሌ እንደጠቀሰው» በይና ዝርዝሩ ላይ ያነበብሽውን ብቻ አስፍሪ። ተርኒቲን (የጽሑፍ መመሳሰል የሚለካው ሶፍትዌር) ውስጥ ሲያስገቡልሽም ሪፈረንሱን ከቆጠራው አውጡልኝ ብለሽ ጠይቂ፤ ማስተካከያው አለ፣ ካልነገርሻቸው ግን አይነኩትም። የኔ የመጀመሪያ ውጤት ያስደነገጠኝ በዚህ ነው፤ ግማሹ የሪፈረንስ ዝርዝር ነበር።

ለማሳተም ስትሄጂ ፒዲኤፍ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ከመጠረዙ በፊት የሪፈረንሱን ገጾች ለይተሽ አሳትሚና ጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ስም ከዝርዝሩ ጋር በእርሳስ ምልክት እያደረግሽ አመሳክሪ፤ ጽሑፉ ውስጥ ኖሮ ዝርዝሩ ላይ የሌለ፣ ዝርዝሩ ላይ ኖሮ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ የሚገኘው እዚያ ነው። እኔ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ነፃ ነኝ። ዞቴሮው ላይ ያቺን ምልክት ካጣሻት በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስክሪንሾት እልክልሻለሁ። የመመሪያውን ገጽም ካገኘሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ያንቺ ቢሮ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ።