ሰማዩ ጠራ ማለት ባህሩ ተኛ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ባህር ዳር ነው ያደግኩት አሁን ሲያትል ነኝ። ዘንድሮ 16 ጫማ ርዝመት ያላት የሞተር ጀልባ ገዛሁና ሁለቱን ልጆቼን (7 እና 10 ዓመታቸው ነው) ይዤ ከዌስት ሲያትል ብሌክ አይላንድ ደርሼ ልመለስ አስቤያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለብቻዬ ሞከርኩት፣ ጠዋት ስሄድ ውሃው መስታወት ነበር፣ ከሰዓት ስመለስ ግን ሰማዩ ላይ አንድ ደመና ሳይኖር ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሳ ይጥላት ጀመር። ስልኬ ላይ ያለው ፎርካስት ፀሐይ ነው የሚለው። ጣና ላይ እኮ ታይድ (የባህሩ መሙላትና መጉደል) የሚባል ነገር አናውቅም፣ እስቲ ይምከሩኝ፣ ምኑን አይቼ ነው ልሂድ ልቅር የምለው?
የባህር ዳሩ ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን በሰላም ገባህ። እንደነገርከኝ ከሆነ የገጠመህ የነፋስና የታይድ ግጭት ነው የሚመስለኝ፣ ላስረዳህ። ሰመር ላይ እዚያ አካባቢ ሰማዩ ጥርት ሲል ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ነፋስ ይነሳል፣ ስለዚህ ስልክህ አልዋሸህም፣ ፀሐይ ነው አለህ ፀሐይ ሆነ፣ ስለ ነፋሱ ግን አልጠየቅከውም። ባህሩ ደግሞ ሲጎድል ውሃው በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የሚወጣው፣ ያውም ከብሌክ አይላንድ በስተደቡብ ያለው ኮልቮስ ፓሴጅ የሚባለው ጠባብ የባህር መተላለፊያ ባህሩ ሞላም ጎደለም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። እንግዲህ ነፋሱ ወደ ደቡብ እየገፋ ውሃው ወደ ሰሜን እየሮጠ ሲገናኙ ማዕበሉ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል፣ አንተ ደግሞ ስትመለስ አፍንጫህን ወደ ነፋሱ ሰጥተህ ነው የምትመጣው። ያው ነፋስ ከውሃው ጋር በአንድ አቅጣጫ ቢሆን ኖሮ በጣም ይሻልህ ነበር።

የማለዳውን ነገር ከጣና ታውቀዋለህ፣ ዘጌ የሚያደርሱት ጀልበኞች በጠዋት እንውጣ የሚሉት ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ነው። ያ ልማድ እዚህም ይሠራል፣ ታይዱን ብቻ ጨምርበት። ሲያትል ላይ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም፣ በከፍተኛው ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል በአማካይ 11 ጫማ (3 ሜትር ተኩል ገደማ) ልዩነት አለ። ዑደቱ 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ስለሚፈጅ ሰዓቱ በየቀኑ ይንሸራተታል፣ ያለፈው ቅዳሜ ሰዓት ለዚህ ቅዳሜ አይሆንም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ይሰፋል ውሃውም ይፈጥናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፣ የታይድ ሰንጠረዥ የሚነግርህ የውሃውን ከፍታ ነው እንጂ ፍሰቱን አይደለም። ባህሩ ሞልቶ ቆመ በተባለበት ሰዓት ውሃው ገና እየሮጠ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የከረንት (የፍሰት) ሰንጠረዡን ለብቻው እየው፣ ሁለቱም ኖኣ (NOAA) በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የባህርና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ፎርካስትም ስታይ የከተማውን ተወውና የፒውጀት ሳውንድን፣ ማለትም ሲያትል ያለችበትን የባህር ክንድ፣ የባህር ፎርካስት ክፈት፣ ነፋሱን በኖት (በባህር የፍጥነት መለኪያ) ማዕበሉን በጫማ ይነግርሃል። ስሞል ክራፍት አድቫይዘሪ (ለትናንሽ ጀልባዎች የሚወጣ ማስጠንቀቂያ) እስኪወጣ አትጠብቅ፣ እሱ እዚያ የሚወጣው ነፋሱ 21 ኖት (ወደ 39 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ሲደርስ ነው፣ ላንተ ጀልባ ግን ያ በጣም ዘግይቷል። እኔ በ16 ጫማ ጀልባ ልጆች ይዤ ከ10 ኖት በላይ ከተባለ አልወጣም። ደግሞ ከመነሻህ ሰዓት ይልቅ የመመለሻህን ሰዓት ነፋስና ከረንት እይ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው የመነሻውን ነው።

ደሴቷ ላይ ጀልባህን አሸዋ ላይ ጎትተህ የምትተዋት ከሆነ ባህሩ እየጎደለ ነው እየሞላ ነው የሚለውን ሳታውቅ ዞር አትበል። እኔ አንድ ጊዜ ምሳ በልቼ ስመለስ ውሃው ሸሽቶ ጀልባዬ ደረቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ እስኪሞላ ስጠብቅ መሸብኝ፣ እየሞላ ቢሆን ደግሞ ይዟት ይሄድ ነበር።

ውሃው ሰመርም ላይ ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፣ የላይፍ ጃኬቱን መቆለፊያ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። ልጆችህ ጀልባዋ ውሃ ከምትገባበት ከራምፑ ጀምሮ ለብሰውት ይቀመጡ፣ በዋሽንግተን ሕግም ከ19 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያለ ልጅ ጀልባዋ እየሄደች ሳለ መልበስ ግዴታው ነው። አንተም ልበስ፣ አንተ ከወደቅክ ጀልባዋን ማን ይነዳታል?

በዕለቱ ደግሞ የዌስት ሲያትል ጫፍ የሆነው አልካይ ፖይንት ስትደርስ ሞተሩን ቀንሰህ ወደ ደቡብ ምዕራብ በደንብ እይ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም መታየት ከጀመረ ነፋሱ 10 ኖት አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፣ ፎርካስቱ ምንም ይበል ልጆቹም ቢያለቅሱ ከዚያው ዙር።